«ቀጥ በል!» ማለት ማስተማር አይደለም፦ የልጆችን ጀርባ ከህመም ስለመጠበቅ

አንድ ነገር ሞክሩ እስቲ። ልጆች እየተማሩ ያሉበት ክፍል ግቡና ከኋላ ቆማችሁ ምንም ሳትናገሩ አቀማመጣቸውን ብቻ እዩ። አንዱ ክርኑን ዴስኩ ላይ ተክሎ አገጩን መዳፉ ላይ ጥሎታል፣ አንዷ አንድ እግሯን አጥፋ ተቀምጣበታለች፣ ረጅሙ ልጅ ወደፊት ተንሸራቶ የወንበሩን መደገፊያ የሚነካው በትከሻው ብቻ ነው፣ ትንሿ ደሞ እግሯ መሬት ስለማይደርስላት እያወዛወዘችው ነው። ከዛ ድንገት «ቀጥ በሉ!» በሏቸው። ሁሉም ደረቱን ነፍቶ፣ ትከሻውን ወደኋላ ስቦ፣ ትንፋሹን ይዞ ቁጭ ይላል። አሁን ሰዓት ያዙ። ብዙ ጊዜ ሁለት ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ አንድ በአንድ ወደነበሩበት ይመለሳሉ፣ ትእዛዙን የሰጠው አስተማሪም ሳይታወቀው ጠረጴዛው ላይ ደገፍ ብሎ ጎብጧል።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት (ሰውነትን በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ) ነኝ፣ አብዛኛው ስራዬ ከልጆች ጋር ነው፣ እና ይሄን ነገር ለወላጅም ለአስተማሪም ደጋግሜ የማሳየው ልጆቹ እልኸኛ ወይ ሰነፍ እንዳልሆኑ እንዲገባቸው ነው። ጡንቻ ሳይንቀሳቀስ ተወጥሮ ሲቆይ በውስጡ የሚያልፈው ደም ይቀንሳል፣ ይደክማል፣ ከዛ ይለቃል። በቃ ይሄው ነው። ልጅን «ቀጥ ብለህ ተቀመጥ» ማለት እጅህን ወደጎን ዘርግተህ እስክመለስ ጠብቀኝ እንደማለት ነው፣ ይችላል፣ ግን ለስንት ደቂቃ?

ነገሩን ቀለል አድርገን እንዳናየው ደሞ አንድ ቁጥር ልጥቀስ። በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው የታችኛው ጀርባ ህመም ነበረበት፣ በ2050 ወደ 843 ሚሊዮን ይደርሳል ተብሎ ይገመታል፣ ሰውን ከስራና ከኑሮ በማስተጓጎል ደሞ በዓለም አንደኛ ነው። ይሄ የትልቅ ሰው ችግር ብቻ ይመስለናል። ትንንሽ ልጆች ላይ ብዙም የማይታየው ህመም ግን 10 እና 11 አመት ካለፉ በኋላ በየአመቱ እየጨመረ ሄዶ 18 አመት አካባቢ ከአዋቂዎቹ ጋር ይቀራረባል፣ በጉርምስናው ደጋግሞ ጀርባውን ያመመው ልጅ ሲያድግም የመታመም እድሉ ከሌላው ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ስለ ጀርባ ማስተማር ያለብን ገና ሳያማቸው ነው ማለት ነው።

እሺ፣ ምንድነው የምናስተምረው? መጀመሪያ ራሱ ጀርባ ምን እንደሆነ ነው፣ ምክንያቱም ልጅ የማያውቀውን ነገር መንከባከብ አይችልም። አከርካሪ አንድ ወጥ ዘንግ አይደለም። አንገት ላይ 7፣ ደረት ላይ 12፣ ወገብ ላይ 5 በድምሩ 24 የሚንቀሳቀሱ አጥንቶች ተደራርበው ነው የቆሙት፣ ከነሱ በታች ያሉት ደሞ እድገት ላይ እያለን ቀስ በቀስ እርስ በርስ ይገጣጠሙና ከዳሌ ጋር የታሰረ አንድ አጥንት ይሆናሉ። በአጥንቶቹ መሀል ዲስክ የሚባሉ ትራሶች አሉ። የዲስኩ ዙሪያ ብዙ ጊዜ እንደተጠቀለለ ወረቀት በድርብርብ የተሰራ ጠንካራ ቀለበት ነው፣ መሀሉ ደሞ ብዙ ውሃ የያዘ ዝልግልግ ነገር ነው።

እዚች ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ልጆች በጣም የሚወዷት ቦታ ስለሆነች። ዲስክ እንደሌላው የሰውነት ክፍል በደንብ የሚያጠጣው የደም ስር የለውም፣ በተለይ ካደግን በኋላ መሀሉ ጋ የሚደርስ ደም የለም ማለት ይቻላል። ታዲያ እንዴት ይመገባል? ክፍል ውስጥ ይሄን የማሳየው በእቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ነው። ስፖንጁን ውሃ ውስጥ ነክሬ አወጣውና አንድ ልጅ እንዲጨምቀው እሰጠዋለሁ፣ ውሃው ይወጣል፣ ከዛ ጨምቆ እንደያዘው ሳህኑ ውስጥ እንዲከተው እነግረዋለሁ፣ ውሃ ውስጥ ሆኖም ምንም አይገባበትም፣ እጁን ሲለቀው ብቻ ነው ጭልጥ አድርጎ የሚጠጣው። ዲስክም እንደዚሁ ነው፣ ስንቆም ስንቀመጥ ይጨመቃል፣ ስንተኛ ወይ ስንንቀሳቀስና ጫናው ሲቀያየር ውሃና ምግብ ይስባል። አንዴ አንድ ልጅ ስፖንጁን እንደጨመቀ ይዞ «ታዲያ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ስንል እንዲህ ሆኖ ነው እንዴ የሚውለው?» አለኝ፣ ያቺን ጥያቄ አስር ገጽ ማስታወሻ አያመጣትም።

ከዚሁ ጋር የምሰጣቸው የቤት ስራ አለ። ጠዋት ከአልጋ እንደወረዱ ቁመታቸውን ግድግዳ ላይ ምልክት ያደርጋሉ፣ ማታ ከመተኛታቸው በፊት በዛው ቦታ ይለካሉ። ማታ ያጥራሉ! አዋቂ ሰው ላይ ልዩነቱ ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ይደርሳል፣ ልጅ ላይም ጥንቃቄ አድርጎ ከለካ ይታያል። ጠፈርተኞች ደሞ የሚጫናቸው ክብደት ስለሌለ እስከ 3 በመቶ ድረስ ይረዝማሉ፣ ወደ መሬት ሲመለሱ ይመለሳል። ይሄን የሰማ ልጅ ጀርባው ውስጥ ህይወት ያለው ነገር እንዳለ ይገባዋል፣ እኔ የምፈልገውም ይሄንኑ ነው።

አሁን ወደ «ቀጥ» ልመለስ። ቃሉ ራሱ ያሳስተናል፣ ጤነኛ ጀርባ ቀጥ ያለ አይደለማ። ህፃን ሲወለድ አከርካሪው ወደ ውስጥ እንደታጠፈ ቀስት አንድ ጉብጠት ብቻ ነው ያለው፣ ጭንቅላቱን ቀና ማድረግ ሲጀምር አንገቱ ላይ የፊት ቅስት ይወጣል፣ መቀመጥና መራመድ ሲጀምር ደሞ ወገቡ ላይ። ከጎን ስናየው ሶስት ቅስቶች አሉ፣ አንገትና ወገብ ወደፊት፣ ደረት ወደኋላ፣ እነዚህ ቅስቶች እንደ ስፕሪንግ ሆነው ነው ስንሮጥና ስንዘል የሚመጣውን ግፊት የሚያለዝቡት። ስለዚህ ልጁ «ቀጥ» ሲባል እንደ ሰሌዳ ሊሆን ሲሞክር ወገቡን ከልኩ በላይ ያስገባል፣ ደረቱን ያወጣል፣ እሱም ራሱ ያደክማል ደሞም አይመችም።

በቃል ከማዘዝ የተሻለው ልጁ ራሱ በእጁ እንዲነካው ማድረግ ነው። እንዲህ ነው የምናደርገው፦ ሁሉም ወንበር ላይ ተቀምጠው ሁለቱንም መዳፋቸውን ወደላይ አዙረው ከመቀመጫቸው ስር ያስገባሉ። ሁለት ጠንካራ አጥንት ይዳስሳሉ (እዚህ ጋ ሁሌም ሳቅ አለ፣ ይሳቁ፣ ምንም አይደል)። ከዛ ዳሌያቸውን ወደኋላ እንዲያጥፉት እነግራቸዋለሁ፣ አጥንቶቹ ከመዳፋቸው ላይ ወደፊት ይንሸራተታሉ፣ ጀርባቸውም አብሮ ይጎብጣል፣ አንገታቸውም ወደፊት ይሄዳል። አሁን ደሞ ወደፊት፣ ወገባቸው ገባ ይላል። መሀል ላይ አጥንቶቹ ቀጥታ መዳፍን የሚወጉበት ቦታ አለ፣ እዛ ጋ ሲደርሱ ጀርባቸው ራሱ ያለ ትግል ቀና ይላል፣ ትከሻቸውን ማንም ሳይነካው ቦታውን ይይዛል። ዳሌን ውሃ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን ነው ብላችሁ አስቡት እላቸዋለሁ፣ ወደፊትም ወደኋላም እንዳይፈስ። የ7 አመት ልጅ ይሄን በአምስት ደቂቃ ይማረዋል፣ «ትከሻህን ወደኋላ!» እያልነው ግን አመት ሙሉ አይማረውም፣ ምክንያቱም ጉብጠቱ የሚጀምረው ከታች ከዳሌ እንጂ ከትከሻ አይደለም።

እዚህ ላይ ሀቀኛ መሆን አለብኝ፣ ብዙ ጊዜ ስለ ፖስቸር (ስለ አቀማመጥና አቋቋም) የሚወራው ከሳይንሱ በላይ ተጋንኖ ነው። በ1960ዎቹ አልፍ ናኬምሰን የተባለ ስዊድናዊ ሀኪም ሰዎች ወገብ ላይ ግፊት የሚለካ መርፌ ዲስኩ ውስጥ እያስገባ ሲለካ መቀመጥ ከመቆም የበለጠ ግፊት እንደሚያመጣ አገኘ፣ ከዛ ጀምሮ «መቀመጥ ጀርባን ይገድላል» የሚለው ወሬ በየቦታው ተሰራጨ። በ1999 ደሞ ጀርመን ውስጥ ሃንስ ዮአኪም ቪልከና ባልደረቦቹ አንድ ፈቃደኛ ሰው ዲስክ ውስጥ ትንሽ ሴንሰር አስገብተው ቆሞ፣ ተቀምጦ፣ እቃ አንስቶ፣ ሌሊት ተኝቶም ጭምር ለኩ። ዘና ብሎ ሲቆም 0.5 ሜጋፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው)፣ ሳይደገፍ ሲቀመጥ 0.46፣ ወንበሩ ላይ ወደኋላ ተለጥጦ ሲቀመጥ ደሞ 0.3 አካባቢ። ያ ሁሌ የምንቆጣበት ተለጥጦ መቀመጥ ማለት ነው! ሰውየው አንድ ብቻ ስለሆነ ሁሉንም ነገር በሱ አንደመድምም፣ ግን ልጅን «እንዲህ ከተቀመጥክ ዲስክህ ይፈነዳል» ብሎ ማስፈራራት መሰረት እንደሌለው በደንብ ያሳያል። ሌሊት ተኝቶ እያለ ደሞ ግፊቱ ከ0.1 ተነስቶ በ7 ሰዓት ውስጥ ወደ 0.24 ከፍ አለ፣ ስፖንጁ ውሃውን መልሶ ሲጠጣ ማለት ነው።

ታዲያ ምኑ ነው ችግሩ? ቆይታው ነው። ጎብጦ አምስት ደቂቃ መቀመጥ ማንንም አይጎዳም። ጎብጦ ሳይነቃነቅ አንድ ሰዓት መቀመጥ ግን ከኋላ ያሉት ጅማቶች ቀስ በቀስ እየተለጠጡ እንዲሄዱ ያደርጋል፣ ጡንቻው ይደነዝዛል፣ አንገት ከበድ ያለውን ጭንቅላት ከፊት ለፊት አንጠልጥሎ ይውላል። ቀጥ ብሎ ሳይነቃነቅ አንድ ሰዓት መቀመጥም ሌላ አይነት ድካም ነው እንጂ መፍትሄ አይደለም። ስለዚህ እኔ ለልጆች የማስተምረው ዋናው ነገር አንድ ነው፣ ጥሩ አቀማመጥ ማለት ቶሎ ቶሎ የሚቀየር አቀማመጥ ነው፣ ዳሌን መሀል ላይ ማምጣት የሚችል ልጅ ደሞ የሚመለስበት ቤት አለው፣ ይጎብጣል፣ ይለጠጣል፣ ይደገፋል፣ ከዛ ይመለሳል። ወንበር ላይ የሚቁነጠነጥ ልጅ ብዙ ጊዜ ሰውነቱ የሚነግረውን እየሰማ ያለ ልጅ ነው፣ «አርፈህ ተቀመጥ!» ብለን የምናስተወው ያንን ነው፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ለአስተማሪ ይሄ ከባድ መስሎ ሊታይ ይችላል ግን አይደለም። በየ20 ወይ 30 ደቂቃው አንድ ደቂቃ በቂ ነው፣ ተነሱ፣ እጃችሁን ወደ ጣራ ዘርጉ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ዘንበል በሉ፣ አስር ጊዜ ተቀመጡ ተነሱ፣ በቃ። ጥያቄ የሚመልስ ልጅ ቆሞ ይመልስ፣ ደብተር የሚሰበስቡት ልጆች ይፈራረቁ፣ የቡድን ስራ አንዳንዴ ቆመው ይስሩ፣ ማንበብ ደሞ ወለል ላይ በሆድ ተኝቶም ይቻላል። አንዳንድ አስተማሪ ትምህርት ይበላብኛል ብሎ ይፈራል፣ ከእረፍቷ በኋላ ግን ልጆቹ ምን ያህል እንደሚሰሙት አንድ ሳምንት ሞክሮ ራሱ ይፍረድ።

ወንበሩስ? ይሄ ብዙ ቤትና ብዙ ትምህርት ቤት የተረሳ ነገር ነው። አንዲት የ9 አመት ልጅ አስታውሳለሁ፣ ቤተሰቦቿ ያመጧት ጀርባዬን እያለች እና ክፍል ውስጥ አትረጋም ስለተባለ ነው። መረመርኳት፣ ምንም የለባትም፣ ጠንካራ፣ የምትታጠፍ የምትዘረጋ ልጅ ነች። ከዛ እንደክፍሏ ወንበር አይነት ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና እግሯን አየሁ፣ ከመሬት አንድ ጥሩ ስንዝር ከፍ ብሎ ተንጠልጥሏል። እግር ሲንጠለጠል የወንበሩ ጠርዝ ጭኗን ከስር ይጫናታል፣ እሱን ለመሸሽ ወደፊት ትንሸራተታለች፣ ወደፊት ስትንሸራተት መደገፊያው ይርቃታል፣ መደገፊያ ሲርቃት ትጎብጣለች፣ ስትጎብጥ ትደክማለች፣ ከዛ ትቁነጠነጣለች። «ጀርባሽን ነው ሚያምሽ?» አልኳት፣ «እሱም፣ ግን እግሬ ነው ቀድሞ ሚደነዝዘኝ» አለች፣ ማንም ስለ እግሯ ጠይቋት አያውቅማ። አባቷ የድሮ መጻህፍት በካርቶን አጭቆ፣ በፕላስተር ጠቅልሎ እግሯ ስር የሚቀመጥ መርገጫ ሰራላት። ልጅቷ ቁጭ አለች። ሌላ ህክምና አልሰጠኋትም።

ልኬቱ ቀላል ነው፣ ልጁ ወንበሩ አጠገብ ይቁም፣ የወንበሩ መቀመጫ ከጉልበቱ ቆብ ትንሽ ዝቅ ብሎ መድረስ አለበት። ሲቀመጥ ሙሉ የእግሩ መዳፍ መሬት ይነካል፣ ከጉልበቱ ኋላና ከወንበሩ ጠርዝ መሀል ሁለት ሶስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኖራል፣ ክርኑ ደሞ ጠረጴዛው ከፍታ ላይ ወይ ትንሽ ከሱ በታች ይውላል። በአውሮፓ የትምህርት ቤት ወንበርና ጠረጴዛ ደረጃ አለው፣ ኢኤን 1729 ይባላል፣ ከ1 እስከ 7 ያሉት መጠኖች ከ26 ሴንቲሜትር ገደማ እስከ 51 ሴንቲሜትር የመቀመጫ ከፍታ አላቸው፣ በቀለም ተለይተው ምልክት ይደረግባቸዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ የ13 አመት ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ የ25 ሴንቲሜትር የቁመት ልዩነት ማየት ብርቅ አይደለም፣ ግን ለሁሉም አንድ አይነት ወንበር እንሰጣለን። ዴንማርካዊው ቀዶ ህክምና ሀኪም ኦገ ማንዳል ደሞ ከዚህም አልፎ ወንበሩ ከፍ ብሎ ወደፊት ትንሽ ያዘነበለ፣ ጠረጴዛውም ወደ ተማሪው ያጋደለ ቢሆን ልጆች ሳይታዘዙ ቀና ይላሉ ብሎ ለብዙ አመት ተከራክሯል። አዲስ ወንበር መግዛት ካልተቻለ ያሉትን መቀያየር ይቻላል፣ ረጅሙ ልጅ በትንሿ ወንበር ትንሿ በረጅሙ ወንበር ተቀምጠው የሚውሉበት ክፍል ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ጠረጴዛ ላይ ደሞ ወፍራም ፋይል ደብተሩ ስር አስገብቶ ማዘንበል አንገትን ብዙ ያሳርፋል።

የቦርሳው ነገር ሁሌ ይጠየቃል። በ2018 በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ስፖርትስ ሜዲስን የወጣ 69 ጥናቶችን የሰበሰበ ግምገማ የቦርሳ ክብደት ልጆች ላይ የጀርባ ህመም ያመጣል የሚለውን የሚያሳምን ማስረጃ አላገኘም። ይሄን ስናገር ወላጆች ይደነግጣሉ፣ ተቃራኒውን ነው የሰሙት። ያ ማለት ግን ልጅ እየተጎተተ ይሂድ ማለት አይደለም፣ ከባድ ቦርሳ ያደክማል፣ ትከሻን ይጫናል፣ ልጁን ወደፊት ያጎነብሰዋል፣ ስለዚህ ብዙ ባለሙያዎች ከሰውነት ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ባይበልጥ ይላሉ፣ 30 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ተኩል መሆኑ ነው። ሁለቱም ማንጠልጠያ ትከሻ ላይ ይሁን፣ ጠበቅ ተደርጎ ቦርሳው ከጀርባ ይጣበቅ፣ ከወገብ በታች አይንጠልጠል፣ ከባዱ መጽሐፍ ከጀርባ በኩል ይግባ። አንዴ ክፍል ውስጥ ሚዛን ይዤ ገብቼ ልጆቹ ራሳቸው ቦርሳቸውን እንዲመዝኑ፣ ከዛ ዘርግፈው ለዛሬ የማያስፈልገውን እንዲለዩ አደረግኩ። ካለፈው ሴሚስተር የቀሩ ወረቀቶች፣ ሁለት የውሃ ኮዳ፣ የደረቁ ማርከሮች፣ አንዱ ልጅ ደሞ ሶስት የሚያማምሩ ድንጋዮች። ድንጋዮቹን አላስጣልኩትም፣ ለምን እንደሚወዳቸው ነገረኝ፣ ቤት የሚያስቀምጥበት ቦታ ግን ራሱ መረጠ። ልጅ በራሱ እጅ መዝኖ ያወጣውን ነገ መልሶ አያስገባውም።

እቃ ማንሳት ላይ የቪልከ መለኪያ እንደገና ይጠቅመናል። 20 ኪሎ ጀርባን አጉብጦ ሲያነሱ 2.3 ሜጋፓስካል፣ ጉልበትን አጥፎ ሲያነሱ 1.7፣ ያነሱትን ደረት ላይ አስጠግተው ሲይዙ 1.1፣ በተዘረጋ እጅ ሲያርቁት ደሞ 1.8። ልጆች 20 ኪሎ አያነሱም፣ ትምህርቱ ግን ያው ነው፣ እቃውን አስጠጋ። ይቺን አንዲት ቃል ብቻ ቢይዙ ይበቃል።

ስልክና ታብሌት ላይ ብዙ አልልም፣ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ስክሪኑን ወደ አይን ማምጣት እንጂ አይንን ወደ ስክሪን ይዞ መውረድ አይደለም፣ ክርንን ትራስ ላይ ማሳረፍ ይረዳል፣ ላፕቶፕ ከሆነ መጽሐፍ ደራርቦ ከፍ ማድረግና ለብቻው ኪቦርድ መጠቀም። ከአንገቱ በላይ የሚያሳስበኝ በስክሪኑ የተበላው የሩጫ ሰዓት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 አመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ልብን ሞቅ የሚያደርግ እንቅስቃሴ፣ ከሱም ውስጥ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ጠንከር ያለና ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር እንዲሆን ይመክራል። መንጠላጠል፣ መውጣት፣ መዝለል፣ ገመድ፣ ኳስ፣ ዋና፣ ምንም ይሁን። ቀኑን ሙሉ ቆንጆ ተቀምጦ የማይንቀሳቀስ ልጅና ጎብጦ ተቀምጦ በየእረፍቱ የሚሮጥ ልጅ ምረጪ ብትሉኝ ሳላመነታ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው።

ለጀርባ ትምህርት መስጠት አዲስ ሀሳብ አይደለም። በ1969 ስዊድን ውስጥ ማሪያን ዛክሪሶን የተባለች ፊዚዮቴራፒስት ጀርባቸውን ለሚያማቸው ሰዎች «የጀርባ ትምህርት ቤት» ከፈተች፣ ሀሳቡ ወደ ብዙ ሀገር ተስፋፋ፣ በኋላ ወደ ልጆችም መጣ። ቤልጂየም የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ በደንብ አጥንተውታል፣ ልጆቹ እውቀታቸውም እቃ አነሳሳቸውና አቀማመጣቸውም ተሻሻለ፣ ህመሙ ምን ያህል ቀነሰ የሚለው ላይ ግን ውጤቱ ያን ያህል ግልጽ አልነበረም። ይሄን የምናገረው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። የጀርባ ህመም እንቅልፍ፣ ጭንቀት፣ ድብርት፣ የቤት ሁኔታ ሁሉ የሚገቡበት ነገር ስለሆነ ነው፣ አቀማመጥ ብቻውን ሁሉንም ይፈታል ብለን ከሸጥነው ልጁ ባመመው ቀን «የኔ ጥፋት ነው፣ ቀጥ ብዬ ስላልተቀመጥኩ ነው» ብሎ ያስባል።

ማስፈራራቱም ማሳፈሩም ይቅር። ሴቶች 12 አመት አካባቢ፣ ወንዶች 14 አካባቢ በፍጥነት ይረዝማሉ፣ በዚያን ጊዜ ብዙ ሴት ልጅ ጡቷ ሲያድግ ታፍርና ትከሻዋን ወደፊት ትሰበስባለች፣ ከጓደኞቹ በጭንቅላት የረዘመ ልጅ እኩል ለመሆን ይጎብጣል። በሰው ፊት «ምን ያጎብጥሻል!» ሲባሉ ይብሳሉ እንጂ አይቀኑም። እኔ እንዲህ ያለችውን ልጅ ለብቻችን ሆነን ስለ ሰውነቷ ለውጥ አወራታለሁ፣ የሚመች የጡት መያዣ አላት ወይ ብዬ እናቷን እጠይቃለሁ፣ ስለ ጀርባዋ ግን ያን ቀን አንዲት ቃል ላልናገር እችላለሁ።

ጠማማነትን በተመለከተ ደሞ ይሄ ይታወቅ። ስኮሊዮሲስ የሚባለው አከርካሪ ወደ ጎን የሚታጠፍበትና የሚጠማዘዝበት ሁኔታ ከ100 ጎረምሶች ከ2 እስከ 3 በሚሆኑት ላይ ይታያል፣ የአብዛኞቹ መነሻ አይታወቅም፣ ከቦርሳም ከአቀማመጥም አይመጣም። ለማየት እንግሊዛዊው ዊልያም አዳምስ በ1865 የገለጸው ዘዴ እስካሁን ይሰራል፣ ልጁ ጉልበቱን ሳያጥፍ እጆቹን አጋጥሞ ወደፊት ያጎንብስ፣ ከኋላ ሆናችሁ የጀርባው አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ ብሎ እንደሆነ እዩ። ከፍ ካለ ሀኪም ጋ ውሰዱት፣ በእድገት ጊዜ ከተደረሰበት በብሬስ (አከርካሪን ደግፎ በሚይዝ ከውጭ የሚለበስ ማሰሪያ) እንዳይብስ መከላከል ይቻላል። ጉብጠቱ «ቀና በል» ሲባልም፣ ወደኋላ ሲለጠጥም፣ ሲተኛም የማይስተካከል ድርቅ ያለ ከሆነ ደሞ ሾየርማን የሚባለው የአጥንት እድገት ችግር ሊሆን ስለሚችል ይታይ፣ እንዲህ ያለውን ልጅ ስንቆጣው የኖርነው በማይችለው ነገር ነው።

ልጅ «ጀርባዬን አመመኝ» ሲል መጀመሪያ እመኑት። ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅስሃል? ትኩሳት አለህ? ክብደት ቀንሷል? እግርህ ይደነዝዛል ወይ ይዝላል? ሽንት ወይ ሰገራ መቆጣጠር አቃተህ? ወድቀህ ነበር? አረማመድህ ተቀይሯል? ብላችሁ ጠይቁት፣ ከነዚህ ለአንዱ እንኳን አዎ ካለ፣ ወይም ልጁ ገና ትምህርት ቤት ያልደረሰ ትንሽ ከሆነ፣ ሳትቆዩ ሀኪም ይየው፣ ሽንትና ሰገራ ወይ የእግር መዛል ካለ በዛው ቀን። ሁሉም የለም ካለ አልጋ ላይ አታስተኙት፣ ጨዋታውንም አታስቁሙት፣ ህመሙ በሚፈቅድለት ልክ ይንቀሳቀስ፣ ሌሊት በደንብ ይተኛ፣ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥበትን ወንበርም ሄዳችሁ እዩለት። ከዛ በሁለተኛው ሳምንት እንደገና ጠይቁት፣ አሁንም ካለ ውሰዱት።